የፎቶ ቤቱ ኮት

ምሳሌው እንዲህ ነው።

አዳማ ናዝሬት ትባል በነበረበት ጊዜ፣ ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ፎቶ ቤት ነበረ። ባለቤቱ በጃንሆይ ዘመን ከፈቱት፣ በደርግ ዘመን አብረውት አረጁ፣ ከዚያ በኋላ በመጣው ዘመን ሞቱና ለሴት ልጃቸው ቀረ። ልጅቱ በጨለማው ክፍል ቀይ አምፖል ሥር ነው ያደገችው። ፊልም ማጠብ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጉንጭና ከንፈር በቀለም መንካት ከአባቷ ተምራለች። ስልክ ሁሉንም ሰው ፎቶ አንሺ ካደረገው ወዲህ ግን ወደ ቤቱ የሚመጣው የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የቸኮለ ሰው ብቻ ሆነ። በመጨረሻም መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ፤ ቤቱም ከሚፈርሱት ተቆጠረ።

ዕቃ ማውጣት ስትጀምር በመጀመሪያ ያወረደችው በእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ፍሬም ነው። ፊት ለፊቱ የሶደሬ መዋኛ የሚታይበት ፖስተር ነበር። የጀርባውን ጣውላ ምስማሮች ነቃቅላ ስትከፍተው ከፖስተሩ ሥር የደርጉ ሊቀ መንበር ፎቶ ወጣ። ከእርሱ ሥር የጃንሆይ ፎቶ ወጣ። አባቷ ዘመን በተለወጠ ቁጥር የቀድሞውን ሳያወጡ አዲሱን እየደረቡበት ኖረዋል። ከጃንሆይ ሥር ደግሞ አንድ የማታውቀው ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ሦስቱ የላይኞቹ ወይ ጠርዛቸው በመቀስ ተቆርጧል፣ ወይ ታጥፈው ነው የገቡት። የሥረኛው ግን አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሳይኖረው ልክክ ብሎ ተቀምጧል። አናጢው ፍሬሙን የሠራው ለዚህ ፎቶ ነበር ማለት ነው።

ሰውየው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ደረቱ ላይ የኪስ ሰዓት ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ በቀኝ እጁ ከዘራ ይዟል፤ ግራ እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶታል። ከኋላው በሸራ ላይ የተሳለ ሐይቅና ዘንባባ ይታያል። ኮራ ብሎ ቢቀመጥም አገጩ አካባቢ ትንሽ የጨነቀው ይመስላል፤ ፎቶ መነሳት ትልቅ ጉዳይ የነበረበት ዘመን ሰው እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም አለ። ስም የለም፤ ቀንም የለም።

ልጅቱ ፎቶውን አቧራውን ጠርጋ በመስኮቱ አቆመችው። መንገዱ የገበያ መንገድ ነው፤ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ የመጣው፣ ከቆቃ ዓሣ ይዞ የመጣው፣ ባጃጅ የሚጠብቀው ሁሉ ቆም እያለ አየው። ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ሰዎች የኔ ነው ብለው መጡ።

አንደኛው ባለሆቴል ነው። «አያቴ ናቸው» አለ። «ባቡሩ ሥራ በጀመረ ጊዜ ከዚሁ ጣቢያ ዕቃ አውርደው የነገዱ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። ሰዓቱን የሸለሟቸው የባቡሩ ፈረንሳዮች ናቸው፤ ሲወራ ነው ያደግሁት። ሆቴሌ መግቢያ ላይ ትልቅ አድርጌ እሰቅላቸዋለሁ።»

ሁለተኛው ከወንጂ የመጣ ጡረተኛ ነው። «አባቴ ናቸው» አለ። «ከከምባታ በእግራቸው መጥተው ሸንኮራ ቆረጡ፤ ኋላ ካቦ ሆኑ። ኮቱን የሰጧቸው ስኳር ፋብሪካውን የተከሉት ሆላንዶች ናቸው። እናቴ ‹ጥቁር ኮት ነበራቸው› ትለኝ ነበር።»

ሦስተኛዋ ከአዋሽ ማዶ፣ ከዴራ በኩል የመጡ ሴት ናቸው። «አያቴ ናቸው» አሉ። «ባላባት ነበሩ። ከዘራውን እዩት! እንዲህ ያለ ከዘራ ተራ ሰው አይዝም።»

ልጅቱ ለማን እንደምትሰጥ ግራ ገባት። ባለሆቴሉ ገንዘብ ጠራላት፤ የወንጂው ሰው አለቀሰባት፤ የዴራዋ ሴት ዘመዶቻቸውን ይዘው ተመለሱ። ነገሩ ከቃል ወደ ግፊያ ሊያልፍ ሲል ሰፈሩ ለሽማግሌ ሰጠው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ኦዳ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ መረቁ፤ ሰዉም «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ እያለ ተቀበለ። ፎቶው ወንበር ላይ ቆመ። ሽማግሌው ሦስቱንም የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በምን ለያችኋቸው?»

ባለሆቴሉ በሰዓቱ አለ። የወንጂው ሰው በኮቱ አለ። የዴራዋ ሴት በከዘራው አሉ። ሁሉም ከልባቸው ነው የተናገሩት፤ ከመካከላቸው ውሸታም አልነበረም።

ሽማግሌው ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ልጄ፣ አባትሽ ከዚህ ሌላ የዚያን ዘመን ፎቶ አልተዉም?»

«አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ፣ አባባ። ባለቤቶቹ ሳይወስዷቸው የቀሩ ናቸው።»

«አምጪው።»

ሣጥኑ በባጃጅ መጣ። ልጅቱ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያወጣች በተዘረጋው ጆንያ ላይ ደረደረቻቸው። መጀመሪያ የወጣው ጢም ገና ያላበቀለ ተማሪ ነው፤ ጥቁር ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ረዝሞበት ጣቶቹን ሸፍኗቸዋል። ቀጥሎ ሆዱ የገፋ የሽንኩርት ነጋዴ ወጣ፤ ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ቁልፉ አልገጠመለትም። ቀጥሎ የባቡር ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ሙሽራ፣ ቀጥሎ ከአርሲ ከብት ሸጦ ሲመለስ ጎራ ያለ የሚመስል ወጣት። ሁሉም ጥቁር ኮት፣ ሁሉም ደረቱ ላይ ሰንሰለት፣ ሁሉም በቀኝ እጁ ያው ከዘራ። አንዲት ሴት እንኳ ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተነስታለች። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ከሌሎቹ ተለይቶ ነጣ ያለ ነው፤ በተማሪውም ላይ፣ በነጋዴውም ላይ፣ በሙሽራውም ላይ ያው ነጣ ያለ ቁልፍ ይታያል። ፍሬሙ ውስጥ በተቀመጠው ሰውም ላይ።

ማንም አልተናገረም። ልጅቱ ነች ዝምታውን የሰበረችው።

«ኮቱ አሁንም አለ» አለች። «ከጨለማው ክፍል በር ጀርባ ተሰቅሏል። ከቆይታ ብዛት ወደ ግራጫ ስለሄደ እኔም አላስተዋልኩትም። ሰዓቱ የሚሠራ ሰዓት አይደለም፤ ሰንሰለት ብቻ ነው። አባቴ ፎቶ ሊነሳ ለመጣ ሁሉ ያለብሱት ነበር። ገንዘብም አይጠይቁበትም።»

ሽማግሌው ነጠላቸውን እንዲያውሷቸው የዴራዋን ሴት ለመኑ። ነጠላውን አጥፈው ፎቶው ላይ አለበሱት፤ ኮቱንና ሰንሰለቱን ሸፈነ፤ ከዘራውንም ሸፈነ። የቀረው ፊቱና ሁለቱ እጆቹ ናቸው።

«እንግዲህ የተዋሰውን መልሰንለታል» አሉ። «አሁንስ በምን ታውቁታላችሁ?»

ባለሆቴሉ ፊቱን ቀረብ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «አያቴን በዓይኔ አላየኋቸውም። እንዲህ ከሆነ እንግዲህ ፎቶው ዋጋ የለውም።»

«ዋጋ ያጣው ኮቱ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሰውየው ይኸው ተቀምጦ የለም?»

የዴራዋ ሴትም አያታቸውን በወሬ እንጂ በመልክ እንደማያውቋቸው ተናገሩ። የወንጂው ሰው ግን ብዙ ቆየ። እጆቹን ነበር የሚያየው። «የአባቴ ግራ እጅ ሁለት ጣት አልነበረውም» አለ በመጨረሻ። «የሸንኮራ ቢላዋ ነው የቆረጠው። እኚህ ሙሉ ናቸው። አባቴ አይደሉም።» ይህን ለማለት ምን ያህል እንደከበደው ያየ ሁሉ አወቀ፤ አባቱን ያገኘ መስሎት ነበርና ሁለተኛ ጊዜ የቀበረው ያን ዕለት ነው።

ከሰዉ ጀርባ ቡና የሚሸጡ አሮጊት ነበሩ። ጀበናቸውን ለልጅ ሰጥተው ወደ ፎቶው መጡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ያውቁታል፣ እማማ?»

«አላውቀውም» አሉ አሮጊቷ። «እጁን ግን አውቀዋለሁ። ተመልከቱ፣ እዚህ ከሌባ ጣቱና ከመሐል ጣቱ መካከል ያለውን። ቆዳው የጠነከረው ልጓም ሲያልፍበት ነው። ባለጋሪ ነበር። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ጋሪ ነድቷል፤ ሌሊት እጁን በቅቤ የማሸው እኔ ነበርኩ። ይሄ እጅ የባለጋሪ እጅ ነው።»

ባለሆቴሉ ከዚህ በኋላ አልቆየም። የዴራዋ ሴት ዘመዶችም አንድ በአንድ ተነሱ። ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን አልጠየቁም፤ የወንጂው ሰውም ከተቀመጠበት አልተነሳም።

አንድ ጥያቄ ቀረ። የባለጋሪ ፎቶ በቤቱ ውስጥ ባለው ትልቁ ፍሬም ምን አስገባው? አባትሽ ነገሩሽ ወይ ብለው ልጅቱን ጠየቋት፤ አልነገሯትም። አንዱ የመጀመሪያው ደንበኛ ይሆናል አለ። ሌላው ካሜራውንና ሸራውን ከጣቢያው ያመጣላቸው እርሱ ይሆናል አለ። ሽማግሌው ግምቱን ሁሉ ሰምተው አንዱንም አላጸደቁም።

«ጻፊ፣ ልጄ» አሉ። «ከጀርባው በእርሳስ ጻፊ። በዚህ ፎቶ ቤት የተነሳ ነው በዪ። ኮቱ፣ ሰንሰለቱና ከዘራው የቤቱ ናቸው በዪ። እጁን ያዩ አንዲት እናት ባለጋሪ ነው ብለዋል በዪ፤ ማን እንዳለውም ጻፊ። ፍሬሙ የተሠራው ለእርሱ ነው፤ ምክንያቱን የሚያውቁት አባቴ ናቸው በዪ። የስሙን ቦታ ባዶ ተዪው። ሰፋ አድርገሽ ተዪው።»

ልጅቱ ጻፈች። የወንጂው ሰው አንድ ቅጂ እንድታትምለት ለመናት። «አባቴ ከናዝሬት ጣቢያ ወንጂ የገቡት በጋሪ ነው» አላት። «የነዳው ሰው መልክ ይኑረኝ።»

ምሳሌው እዚህ ላይ ያበቃል።

ይህን ምሳሌ እንዳስብ ያደረገኝ በእውነት ያለ አንድ ሥዕል ነው። በመዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ በብራና ላይ በውኃ ቀለም የተሠራች የአንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ምስል። የሣለችው በፍራፍሬና በአበባ ሥዕሎቿ የምትታወቀው ጣሊያናዊቷ ጆቫና ጋርዞኒ ናት፤ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር 1635፣ ቦታው የሳቮያ መስፍን ከተማ ቱሪን። ሥዕሏ ከብዙ ዘመን በኋላ እንደገና ወደ ብርሃን ወጥታ በ2021 አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ በኦበርሊን ከተማ የሚገኘው የአለን መታሰቢያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ገዛት። ወጣቱ ራሱን ጸጋ ክርስቶስ ብሎ የሚጠራ፣ የአፄ ያዕቆብ ልጅ ነኝ የሚል ሰው ነው።

አፄ ያዕቆብ በ1607 ጎጃም ውስጥ ጎል በተባለው ቦታ ለዙፋን ከሱስንዮስ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ጸጋ ክርስቶስ ኢየሩሳሌም የታየው በ1632 ነው፤ ከዚያ ሮም፣ ከዚያ የጣሊያን መሳፍንት ቤቶች፣ ከዚያ ፓሪስ። በ1635 ታሪኩ በፈረንሳይኛ ታተመ። በ1638 ፓሪስ አጠገብ ሩዌል በተባለች ከተማ፣ በካርዲናል ሪሽልዮ ጥላ ሥር እያለ፣ ገና በወጣትነቱ ሞተ። ሳይቆይም ፈረንሳዮች እዚህ የተቀበረው ንጉሥ ዋናው ነው ወይስ ቅጂው እያሉ በግጥም ቀለዱበት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ስለ እርሱ የሚጠየቀው ጥያቄ ከዚያ ቀልድ ብዙም አልራቀም። ልዑል ነበር ወይስ አታላይ? የታሪክ ሰዎች የተናገረውን ከዜና መዋዕሉ ጋር ሲያስተያዩት አይገጥምም፤ እኔም የያዕቆብ ልጅ ነው ብዬ አልከራከርም።

የሚያሳዝነኝ ግን ጥያቄው እዚያው ላይ መቆሙ ነው። በሥዕሏ ላይ ጥቁር የአውሮፓ ልብስ ለብሷል፤ አንገቱ ላይ ሰፊ ነጭ ዳንቴል አለ። በሰው አገር በሰው ችሮታ የሚኖር ወጣት ነው፤ ልብሱም ከዚያው ችሮታ የመጣ ይመስለኛል። ልዑልነቱም ከዚህ ብዙ አይለይም። ለዘመናት ቄስ ዮሐንስ ስለተባለ የሩቅ አገር ክርስቲያን ንጉሥ አፈ ታሪክ ሲሰማ የኖረ አውሮፓ የኢትዮጵያን ንጉሥ ልጅ ለማየት ጓጉቶ ነበር፤ ያንን ለብሶ የመጣ ሰው በር ተከፈተለት። ለብሶት ባይመጣ ኖሮ በየትኛው በር ይገባ ነበር? ሠዓሊዋስ ፊቱን ትሥልልን ነበር? ልብሱን በነጠላ ሸፍነን ስናይ የሚቀረው ሃያዎቹን ያጋመሰ የማይመስል፣ ከኢትዮጵያ ተነስቶ በሱዳንና በግብፅ በኩል ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ፓሪስ የደረሰ ሐበሻ ነው። በየትኛው ደብር ፊደል ቆጠረ? በምን ቋንቋ ለመነ፣ በምን ቋንቋ ተከራከረ? ማን ነው ከአገሩ ያስወጣው፣ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ባዘነበሉበት ዘመን የነበረው እሳት ነው ወይስ ሌላ? እነዚህን ቢያንስ በከፊል መመለስ ይቻላል፤ በሮምና በፓሪስ መዛግብት አሉ፣ በአገራችን ዜና መዋዕልና ገድል አለ። አሮጊቷ በእጁ እንዳዩት፣ እርሱንም ከዘውዱ በታች የሚያይ ያገራችን ሰው ያስፈልገዋል።

የተገላቢጦሹም አለን። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ አይታወቅም። በመቅደላ በሚያዝያ 1868 ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝን ጦር ተከትሎ የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ሬሳቸውን አይቶ ፊታቸውን ነድፏል። በየደብተሩ ሽፋንና በየሸሚዙ የምናውቃቸው ሹሩባቸው የተጎነጎነ፣ ዓይናቸው የሚነድ ቴዎድሮስ ከዚያ ወዲህ የመጡ ሠዓሊዎች ያለበሷቸው ናቸው። ያለበሷቸውም በፍቅር ነው። ስማቸው እርግጠኛ ነው፤ መልካቸው ነው የጠፋብን። የጸጋ ክርስቶስ መልክ ግን በእጃችን አለ።

ወደ አዳማ ልመለስ። ያቺ የቆርቆሮ ሣጥን ምሳሌ ናት፤ እንደ እርሷ ያሉ ሣጥኖች ግን ምሳሌ አይደሉም። ባቡሩ ከደረሰበት ዘመን ጀምሮ በስምጥ ሸለቆው ከተሞች ጋሪ የነዳ፣ ሸንኮራ የቆረጠ፣ ከብት የነዳ፣ ጨው የሸጠ ብዙ ሰው አንድ ቀን አምሮበት ካሜራ ፊት ተቀምጧል። ኮት ያዋሱት ፎቶ አንሺዎች ሊከበሩ ይገባል፤ ለባለጋሪና ለባላባት አንድ ወንበር ነው ያቀረቡት። ዛሬ መንገድ ሲሰፋ፣ ግቢ ሲፈርስ፣ ወራሽ ቤት ሲያጸዳ እነዚህ ፊቶች ከፍርስራሽ ጋር በገልባጭ መኪና ይጫናሉ። ሰብስቦ የሚያስቀምጣቸው ሰው ቢገኝ እንኳ ከጀርባቸው የሚጽፈው ነገር ይቸግረዋል፤ ብዙዎቹ ስም የላቸውም፤ ያለውን ጥቂት የሚያውቁትም አርጅተዋል። ስም ባይገኝ እንኳ ይህ የማን ጎረቤት ነበር፣ ይህ የምን ሥራ እጅ ነው፣ ይህ ጌጥ የራሷ ነው ወይስ የተዋሰችው ብሎ መጠየቅ፣ የተናገረውንም ሰው ጨምሮ መጻፍ ይቻላል። ባላቸው ጋሪ የነዳላቸው፣ አባታቸው በባቡር የሠሩላቸው፣ ራሳቸው በዚያ ኮት የተነሱ እናቶችና አባቶች በሞጆም፣ በመቂም፣ በባቱም፣ በሻሸመኔም ዛሬ በራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሣጥኖቹን ይዘን ወደ እነርሱ መሄድ ያለብን ዘንድሮ ነው።